«ሐይቁ ሰው ይስባል»፦ የውሃ ዳር ሽርሽር እውነቱና ተረቱ

የአዲስ አበባ ሰው አንድ ቀን ውሃ ዳር ውሎ ለመመለስ ብዙ ርቆ መሄድ አይጠበቅበትም። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሶደሬ ከአዳማ እልፍ ብሎ ነው፤ ላንጋኖም ማልዶ ለተነሳ ደርሶ መልስ ያስኬዳል። ድፎ ዳቦው፣ የታሸገው ውሃ፣ ምንጣፉና የልጆቹ ቅያሪ ልብስ ከመኪናው ኋላ ሲጫን ግን አብሮ የሚጫን ሌላም ዕቃ አለ፤ ስለ ውሃ ከአያትም ከጎረቤትም ስንሰማው የኖርነው ወሬ።

ከወሬው የሚበዛው ተረት ነው። ተረትነቱ ብቻውን ባልከፋ። ክፋቱ ዓይናችንን የማያሰጋው ነገር ላይ ተክሎ ማስቀረቱ ነው። የውሃውን ቀለም፣ ጋኔኑን፣ የበላነውን ምሳ ስንፈራ፣ የሚፈራው ነገር አጠገባችን ሆኖ አናየውም።

«ላንጋኖ ቆሻሻ ነው፤ ቀለሙን አታይም?»

ተረት። ላንጋኖን ቡናማ ያደረገው ፍሳሽ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር እጅግ ደቃቅ አፈር ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ያማስለዋል እንጂ እንዲዘቅጥ ፋታ አይሰጠውም። ውሃው ሶዳ ስላለበት ገላ ላይ ሙልጭልጭ ይላል፤ «ያለ ሳሙና አጠራኝ» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። መድኃኒትነቱን ግን እዚያው እንተወው።

ይህ ቀለሙ የሚጠላ ሐይቅ በቢልሃርዚያ የማይታማ ተብሎ ለዋና ሲመረጥ የኖረ ነው። ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጣና ዳርቻ ግን በሽታው በጥናት ተገኝቷል። ሰው ላንጋኖን ቀለሙን አይቶ ይጠየፍና፣ መንገድ ላይ ጠጠሩ እስኪቆጠር የጠራ ጅረት ሲያገኝ መኪናውን አቁሞ ልጆቹን ልብስ አስወልቆ ይለቃቸዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው።

የቢልሃርዚያ ትል ዕንቁላል ከታመመ ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። ሲፈለፈል አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባባታል፤ ውስጧ ይራባል፤ ከዚያ በዓይን የማይታይ ሆኖ በብዛት ይወጣል። ሰውን የሚይዘው ቆዳ በስቶ ነው። ስለዚህ ልጅን «ብቻ ውሃውን እንዳትውጥ» ብሎ መልቀቅ ከዚህ በሽታ አያድነውም፤ እግሩን ብቻ ቢነክርም ይበቃል። ቀንድ አውጣዋ የሚስማማት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሣርና ቄጠማ ያለበት ንጹሕ ውሃ ነው። «ወራጅ ውሃ ምን ይዞ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። ትሉ ከእሷ በብዛት የሚለቀቀው ፀሐይ ስትበረታ፣ ቀትር ግድም ነው፤ ሽርሽረኛው በሙቀት ተማሮ ውሃ በሚገባበት ሰዓት ማለት ነው። እንደ ወጡ ፈጥኖ በፎጣ መጥረግ ትንሽ ሊረዳ ይችላል፤ እሱን ተማምኖ መግባት ግን ራስን ማታለል ነው።

ደጋው ከዚህ ያርፋል። በሽታው ከባሕር ወለል በላይ 2200 ሜትርን ባለፈ ቦታ እምብዛም አይተላለፍም። ወንጪ ሄዶ ስለ ቢልሃርዚያ መጨነቅ አያስፈልግም፤ እዚያ የሚያሰጋው ብርዱ ነው። ሞቆት የቆየ ሰው ብርድ ውሃ ውስጥ ዘሎ ሲገባ ሳያስበው ትንፋሹን ይስባል፤ ጭንቅላቱ በዚያች ቅጽበት ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ቀስ ብሎ፣ ከእግር ጀምሮ መግባት ነው።

በዚህ ትል ታሪክ ውስጥ የእኛም ሰው ስም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ሌላው አልፎት የሚሄደውን ነገር ቆም ብለው ጠየቁ፤ ዕድሜያቸውንም ለዚያ ሰጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣዋን መሆኑን ግን ልብ በሉ፤ ገላን ተቀብቶ መግባት መከላከያ አይሆንም።

ስለ ስምጥ ሸለቆ ውሃ ካነሳን አይቀር፦ ልጅ ሲዋኝ አንድ ጉንጭ ቢውጥ ጥርሱ አይበልዝም። የአካባቢው ልጆች ጥርስ የሚበልዘው ፍሎራይድ የበዛበትን ውሃ ጥርሳቸው በሚያድግባቸው ዓመታት ሁሉ ስለሚጠጡት ነው። «አፍልተን ሻይ እንጣድበት» ለሚሉ ግን፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። የሚጠጣውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

«ፍል ውሃ ሙቀቱ በሽታ ይገድላል»

ለብ ያለ ውሃ ምንም አይገድልም። ሰው ሊነከርበት የሚችል ውሃ ለብዙ ጀርምም የሚመች ነው። በሞቀ የተፈጥሮ ውሃ ውስጥ የሚኖርና በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚጎዳ አሜባም አለ፤ እጅግ ብርቅ ነው፣ ሲይዝ ግን ምሕረት የለውም። ልጆች ፍል ውሃ ውስጥ ጭንቅላታቸውን እንዳይነክሩ ማድረግ ይበቃል። ሕፃንና ነፍሰ ጡር በጣም የሞቀው ውስጥ ባይቆዩ ይመረጣል። ከዚያ ውጭ ሶደሬ ላይ ይበልጥ የሚያሰጋችሁ ምሳችሁን የሚነጥቀው ጦጣ ነው።

«ሐይቁ ይስባል፤ በየዓመቱ ግብር ይፈልጋል»

ቢሾፍቱ ደርሶ ይህን ሳይሰማ የተመለሰ ያለ አይመስለኝም። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ ያሉ ውሃዎች ናቸው። የሆራ ጥልቁ ቦታ 38 ሜትር፣ የባቦጋያ 65፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ 87 ሜትር ገደማ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ለቤተሰብ የሚያስፈልገው የዳርቻው አወራረድ ነው። ላንጋኖ ላይ በብዙ ቦታ ልጅ በእግሩ ሄዶ ሄዶ ነው ውሃው ወገቡ ጋ የሚደርሰው። በእነዚህ ሐይቆች ግን ወገቡ ጋ የነበረው ውሃ ጥቂት እርምጃ ሳይቆይ ከቁመቱ በላይ ሊሆን ይችላል። ዋና የማይችል ሰው እግሩ መሬት ሲያጣ ወደ ታች ይሄዳል። ዳር ሆኖ ለሚያይ እውነትም አንድ ነገር እግሩን ይዞ የጎተተው ይመስላል። የጎተተው የለም፤ የቆመበት ነው የከዳው።

ሬሳው ቶሎ አለመገኘቱም ወሬውን ያዳብረዋል። የሰጠመ ሰው መልሶ የሚንሳፈፈው ሰውነቱ ውስጥ በሚፈጠረው ጋዝ ነው፤ በጥልቅ ውሃ ውስጥ ግፊቱ ጋዙን ስለሚጨምቀው ጭራሽ ላይወጣም ይችላል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ኮሚሽን ጠላቂዎች ከከተማ ወጥተው ፍለጋ የሚሄዱት ለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ የሆራ አርሰዲን ኢሬቻ ከዚህ ወሬ ጋር ያገናኘዋል። ኢሬቻ ክረምቱን አሳልፎ ለብርሃን ላበቃ ዋቃ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ምስጋና የሚቀርብበት በዓል ነው፤ ሐይቁን በግብር ማባበያ አይደለም።

ተረቱ ድሮ ልጆችን ከውሃ ያርቅ ነበር፤ ያን ያህል ጠቅሟል። ዛሬ ልጁን ይዘን ራሳችን ወደ ውሃው እየወሰድነው ስናበቃ፣ አደጋ ሲደርስ «ግብሩን ወሰደ» ብለን እንዘጋዋለን። ገመድ ለምን አልነበረም፣ ጥልቁ የሚጀምርበት ለምን ምልክት የለውም፣ ልጁን ማን ይጠብቅ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል። ሐይቁ ጥፋተኛ ከሆነ ሌላ ጥፋተኛ አይፈለግማ።

«የሚሰጥም ሰው ይጮሃል፣ ያንቦጫርቃል»

ከተረቶቹ ሁሉ ገዳዩ ይህ ነው። ፊልም ያስተማረን ነው፤ እጁን እያወዛወዘ «አድኑኝ!» የሚል ሰው። እንዲያ የሚያደርግ ሰው ካያችሁ ገና አቅም አለው ማለት ነው፤ ድረሱለት። በእውነት እየሰጠመ ያለው ግን አይጮህም። ለመጮህ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ አፉ ከውሃ ብቅ በሚልባት ቅጽበት አየር ይስባል እንጂ ቃል አያወጣም። እጁንም ማውለብለብ አይችልም፤ ሰውነቱ ሳይጠይቀው ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል።

ምን ይመስላል? ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል፣ አፉ ከውሃው እኩል። ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ወርዷል፤ አይጠርገውም። እግሩ አይራገጥም። የማይታይ መሰላል የሚወጣ ይመስላል፣ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስሙን ስትጠሩት አይመልስም። ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ቢፈጅ ነው፤ ሕፃን ያንንም አይቆይም። አሥር ሜትር ላይ ሥጋ የሚጠብስ አጎቱ ዞር ብሎ ቢያየው «እየተጫወተ ነው» ይላል። የሚንጫጫ ልጅ ደህና ነው፤ ዝም ሲል ነው ብድግ ማለት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰው በመስጠም ሞቷል፤ ከአራቱ አንድ የሚጠጋው ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች ነው።

እኛ ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለን። ሽርሽር የምንወጣው በአክስት በአጎት፣ በጎረቤት፣ በማኅበር ነው። ልጅ የሁሉም ነው። እናትየው አክስቱ ታየዋለች ትላለች፤ አክስቲቱ አባቱ እዚያው ነው ትላለች፤ አባትየው ይህን ሁሉ ሰው አይቶ ልቡ ያርፋል። ሁሉም ስላለ ማንም አላየም። መፍትሔው ይሉኝታ የሌለው ግልጽ ተራ ነው፦ «እስከ ስድስት ተኩል አንተ ነህ፤ ከዚያ እሷ ናት።» ተረኛው ስልክ አይነካም፣ ቢራ አይቀምስም፣ ውሃውን ብቻ ያያል። ዋና የማይችል ልጅ ያለው ሰው ደግሞ እጁ ከሚደርስበት አይራቅ። የመኪና የውስጥ ጎማና በአየር የሚነፋ አሻንጉሊት ጠባቂ አይሆኑም፤ ላንጋኖ ላይ የከሰዓቱ ነፋስ ልጁን ከነጎማው ወደ መሐል ይዞት ይሄዳል።

«ውሃ የሚወስደው ዋናተኛውን ነው»

ግማሹ እውነት። ዋና የማይችል አዋቂ ዳር ይቀመጣል፤ የሚችለው መሐል ድረስ ይሄዳል፣ ተወራርዶ ለመሻገር ይሞክራል፣ ከድንጋይ ላይ ይዘላል። ገንዳ ውስጥ የለመደ ሰው ሐይቅ ላይ የሚይዘው ግድግዳ የለም። ይህ ግን ልጅን ዋና ላለማስተማር ሰበብ መሆን የለበትም፤ ብዙ ወላጅ ግን እንዲያው አድርጎታል።

ከዚሁ ጋር «በልተህ አትዋኝ፣ ቁርጠት ይዞህ ትሰጥማለህ» የሚለው አለ። ለዚህ ማስረጃ አልተገኘም። ጠግቦ መዋኘት ይከብዳል፣ በቃ። ከምሳው ጋር የሚጠጣው ነው ጉዳዩ። ልጁን ከበላ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ከውሃ የሚከለክል አባት ራሱ ሦስተኛ ቢራውን ጨርሶ ሲዘል አይቶ ማን ይስቃል?

«ወንድ ልጅ ዘሎ ያወጣል»

የሰጠሙ ሰዎች ዜና ብዙ ጊዜ ስለ ሁለትና ሦስት ሰው የሚሆነው አንዱን ሊያወጣ ሌላው ስለሚገባ ነው። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ይይዛል፣ ይጫነዋል፣ ይወጣበታል። ወንድሙም ቢሆን። ስለዚህ መጀመሪያ ከዳር ሆኖ መድረስ፦ ረጅም እንጨት፣ ቀበቶ፣ ተጠማዞ የተቋጠረ ጋቢ። ካልደረሰ መወርወር። ባዶ ጀሪካን ክዳኑ በደንብ ተጠብቆ አዋቂን ያንሳፍፋል፤ እጀታው ላይ ረጅም ገመድ ከታሰረ ጎትቶ ማውጣትም ይቻላል። እንዳይቀል ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ አለበለዚያ ነፋስ ይመልሰዋል። ጀሪካን ከጠፋ ሁለት ሦስት ባዶ ትልልቅ ሃይላንድ በፌስታል አስሮ መወርወር ይቻላል። ከቤት ስትወጡ ከከሰሉ ጋር አንድ ቢጫ ጀሪካንና ገመድ ጫኑ፤ ዋጋው ምንም አይደለም።

«ዘቅዝቁት፣ ውሃው ይውጣለት!»

አሳዛኙ ነገር ይህን የሚጮኸው ሁልጊዜ ሊረዳ የሚፈልግ ሰው መሆኑ ነው። ልጁን በእግሩ ይዞ ማንጠልጠል፣ ሆዱን መጫን፣ ጀርባውን መደብደብ። ከአፉ የሚወጣው ውሃ በአብዛኛው የሆድ ነው፤ ሲወጣም ከምግብ ጋር ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የሰጠመ ሰው የጎደለው ኦክስጅን ነው፤ በመዘቅዘቅ ያለፈ እያንዳንዱ ደቂቃ ከአንጎሉ ላይ የሚቀነስ ነው።

መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። ካልመለሰና እንደ ወትሮው ካልተነፈሰ አንድ ሰው አምቡላንስ (907) ይጥራ፣ ሌላው ይጀምር። አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ አፍን በአፍ ገጥሞ ደረቱ ከፍ እስኪል መተንፈስ፤ ለሰጠመ ሰው ትንፋሽ ይቀድማል። እንደ ሥልጠናው ዓይነት ሁለት ወይም አምስት ጊዜ ነው የሚባለው። ከዚያ የደረቱ መሐል ላይ እጅን አድርጎ 30 ጊዜ መጫን፣ ሁለት ጊዜ መተንፈስ፣ እንደገና 30። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ለአዋቂ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ለልጅ የደረቱ ውፍረት ሲሶ። ለሕፃን ደረቱን በሁለት እጅ አቅፎ በሁለቱ አውራ ጣት መጫን ይበቃል። አረፋ ቢወጣ አትጥረጉ፣ ቀጥሉ፤ ካስመለሰ ወደ ጎን አዙራችሁ አፉን አጽዱና ቀጥሉ። ነቅቶ ቢነሳም ሐኪም ቤት ይሄዳል። ይህን በጽሑፍ ማንበብ ሥልጠና አይተካም፤ ቀይ መስቀል ያሠለጥናል፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይማር።

«አዞ ያለው ሩቅ አገር ነው»

ቦታው ይለያያል። ቢሾፍቱ ላይ ስለ አዞ አታስቡ። ጫሞና አባያ ላይ ግን ለመዋኘት አታስቡ። በ2010 ዓ.ም. አባያ ሐይቅ ዳር ምእመናንን ሲያጠምቁ የነበሩ ፓስተር በአዞ ተገድለዋል። አዋሽ ውስጥም አዞ አለ፤ ሶደሬ ሄዳችሁ ገንዳው እያለ ወንዙ የሚያምራችሁ ካላችሁ ይህን አስቡ። ጣና ላይ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ሣር በል ነው ተብሎ የማይቀረብ እንስሳ ነው።

ወንዝን ካነሳን፣ «ጉልበት የማይደርስ ውሃ ምን ያደርጋል» የሚለው ክረምት ላይ አይሠራም። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ላይኛው አገር ሊዘንብ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰው የፈጀው ደቻቱ በበጋ ሰው የሚሄድበት ደረቅ አሸዋ ነው። ምንጣፍ የሚነጠፈው ከወንዝ አልጋ ውጭ ነው። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ ዕቃ ሳይለቅሙ ልጅ ይዞ መውጣት ነው።

«ውሃ የዋጠ ልጅ ከቀናት በኋላ ተኝቶ ይሞታል»

ይህ አዲስ ተረት ነው፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይዞራል። ደህና ሲጫወት የሰነበተ ልጅ ከሳምንት በፊት በዋጠው ውሃ ድንገት አይሞትም። ውሃ ሳንባውን የነካው ልጅ ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ይታያል፦ የማያቆም ሳል፣ ፈጣን ወይም የሚያስቸግር ትንፋሽ፣ ያለወትሮው መፍዘዝ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው። ትን ብሎት ሁለቴ አስሎ ተመልሶ ኳሱን የያዘ ልጅ ግን ምንም አልሆነም።

ሳምንታትን የሚጠብቀው ቢልሃርዚያ ነው። አጠራጣሪ ውሃ የገባ ሰው በማግሥቱ ተመርምሮ «ነፃ ነኝ» ቢል አይታመንም፤ ዕንቁላሉ ሰገራ ወይም ሽንት ውስጥ እስኪታይ ጊዜ ይፈልጋል። መድኃኒቱም፣ ፕራዚኳንቴል፣ ያደገውን ትል እንጂ ገና ያላደገውን በደንብ አይገድልም። ስለዚህ ምርመራው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ትኩሳት፣ ሳልና የሚያሳክክ ሽፍታ ቀድሞ ከመጣ ግን አይጠበቅም። ሐኪሙ ከተማ ተቀምጦ ወንዝ ላያስብ ይችላል፤ ባይጠይቃችሁም የት ቦታ፣ መቼ ውሃ እንደገባችሁ ንገሩት።